ከግድግዳው ወዲያ የሚያስል ሰው

ይህን የምጽፈው ዛሬ ያለ ሕመም ስለምተነፍስ ነው። ለዚህ ያበቃኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ። መጻፍ አልችልበትም። የአጥቢያችን ሴቶች ግን "የሆነብሽን ጻፊው፤ እንዳንቺ ዝም ብሎ የሚታመም አይጠፋም" ስላሉኝ እንደሆነው አስቀምጠዋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ጥፋቴን አልቀየርኩም።

ሮም ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ደማስቆ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ዐረብኛ የለመድኩት እዚያ ነው። እዚህ ባዳንቴ ነኝ፤ አንዲት አቅም ያነሳቸውን አሮጊት ሲኞራ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ልጄ ማርታ ዐሥር ዓመቷ ነው። የምንኖረው ቶር ፒኛታራ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት አለው። አንዱ ክፍል የእኔና የማርታ ነው። ሌላው የኡም ሳሚ ነበር።

ኡም ሳሚ፣ ማለትም የሳሚ እናት፣ ፍልስጤማዊት ናት፤ ፍልስጤምን ግን አይታው አታውቅም። የተወለደችው ሶርያ ውስጥ፣ አሌፖ ከተማ አጠገብ ባለ የስደተኞች ካምፕ ነው። ጦርነቱ ሲብስ ወጣች። ለኮሚሲዮኔው፣ ማለትም የስደተኛውን ጉዳይ ለሚመረምሩት ሰዎች፣ "ባሌም ልጄም ሞተዋል" ብላ ነው ወረቀት ያገኘችው። ባሏ በእውነት ሞቷል። ልጇ ሳሚ ግን በሕይወት ነበር። ይህን ያወቅኩት አንድ ጥቅምት ላይ ከሥራ ስመለስ፣ አንድ ረጅም ከሲታ ወጣት ወጥ ቤታችን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ነው።

"ኡም ማርታ፣ ልጄ ነው" አለችኝ።

"የሞተው?"

"የሞተው።"

ልጁ ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ብዙ ቆይቶ ተወው።

ኡም ሳሚ በሩን ዘግታ ነገረችኝ። በእርስ በርስ ጦርነቱ የካምፓቸው ልጆች መሣሪያ ይዘው ከመንግሥት ጎን የሚዋጋ ጦር አቋቁመው ነበር። ፍልስጤማውያን ናቸው፤ ጦርነቱ ግን የሶርያውያን ነው። ሳሚም አንዱ ነበር። ከዚያ ጠፍቶ በቱርክ አድርጎ መጣ።

"እዚህ ያሉት ሶርያውያን ቢሰሙ 'ወንድማችንን እዚያ ኬላ ላይ የወሰደው ማን ነው?' ይሉታል። ኮሚሲዮኔው ቢሰማ እኔን ውሸታም ይለኛል፣ ወረቀቴን ይነጥቀኛል። ማንም በዚህ ክፍል ሰው እንዳለ እንዳያውቅ። በመርየም ማይልኝ።"

መርየም ማለት እመቤታችን ናት። ኡም ሳሚ ሙስሊም ብትሆንም እኔ በማን ስም ብምል እንደማላፈርስ ታውቅ ነበር። ሥዕሏ ከአልጋዬ ራስጌ አለ። ወደ ሥዕሉ ወሰደችኝ።

ለምን እንደማልኩ ልንገራችሁ። በልጅነቴ ለውትድርና ሲያፍሱ እናቴ ወንድሜን ከአልጋ ሥር ደበቀችው። አንዲት ጎረቤት ተናገረች። ወንድሜ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ ያችን ጎረቤት እስክትሞት ድረስ ሰላም አላለቻትም። እኔ ያችን ጎረቤት መሆን አልፈለግኩም። እጄን ሥዕሉ ላይ አድርጌ ማልኩ።

ሳሚ ከቤት አይወጣም ነበር። በብርዱ ወራት ከግድግዳው ወዲያ ሳሉን እየሰማን ነበር የምንተኛው። የምስር ሾርባ እወስድለታለሁ። ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በእሱ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ጣልያንኛ ታስተምረዋለች፤ በምላሹ ካርታ ይጫወታሉ።

"ማማ፣ ሳሚ ያጭበረብራል!"

"እሷ ናት የምታጭበረብረው፤ እኔ ሳስል ካርታዬን ታያለች" ይላል እሱ በዐረብኛ።

አንድ ቀን ሾርባውን እየጠጣ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

"መጀመሪያ ካምፓችንን ለመጠበቅ ነው የተባልነው። ከከተማው በኩል ተቃዋሚዎች ይተኩሱብን ነበር፤ ሰውም አፍነው ወስደውብናል። መንግሥት መሣሪያ ሰጠን፣ ደመወዝ ሰጠን። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደስ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ከካምፑ አወጡን። የማናውቀው ሰፈር ላኩን። ቀጥሎ ሌላ የፍልስጤም ካምፕ አስገቡን፤ ተቃዋሚዎቹ ይዘውት ነበር። ያንን ካምፕ አውቀዋለሁ። አክስቴ የኖረችበት ነው። የበሯን ቀለም አውቀዋለሁ። በሩ አልነበረም።"

"ሰውስ?"

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ። "ኬላ ላይ መታወቂያ እቀበል ነበር። ስሙ ዝርዝር ውስጥ ያለውን ለይቼ አቆማለሁ። ከዚያ መኪና ይመጣል። የት እንደሚወስዷቸው አልጠየቅኩም። ኡም ማርታ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።"

እኔም ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ሾርባ ልውሰድለት ወይስ አልውሰድለት ብዬ ወጥ ቤት ቆምኩ። ወሰድኩለት። ማርታን ግን ከክፍሉ ልከለክላት ሲገባኝ አልከለከልኩም፤ የከበደኝ ያደረገው ነበር፣ ሳሉ ይጋባል ብዬ አላሰብኩም።

ሕመሜ የጀመረው በሁዳዴ ነው። ቀኝ ጎኔን ስተነፍስ ይወጋኛል። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፣ ሲነጋ ልብሴ በላብ ርሶ እነሳለሁ። ከሳሁ። ጾሙ ነው አልኩ። ጓደኛዬ አልማዝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዘችኝ። ፒኜቶ ነው የምትኖረው፤ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ደግ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ እኛም እኮ ጾመናል። ቀሚስሽ ብቻውን ነው ቆሞ ያስቀደሰው! ሐኪም ታይተሻል?"

"ጸበል እየጠጣሁ ነው።"

"ጠጪ። ጠጥተሽ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ።"

የቤተሰብ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። አሮጊቷን ስታነሺ ጡንቻሽን ተጎድተሻል አለኝ፤ የሚቀባ ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት ቀባሁ። ተመልሼ ሄድኩ። ብሮንካይት ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ "ሲኞራ፣ ብዙ ትጨነቂያለሽ፤ ድካም ነው" አለኝ። አልቀየመውም። የሚያስል ሰው አጠገብሽ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ የለም እለው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አልማዝ ደግፋ ፕሮንቶ ሶኮርሶ ወሰደችኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥን። አጠገባችን እጇ የተሰበረ ሴት ባሏን ትሳደባለች፣ ባሏ ፍራፍሬ እየላጠ ያጎርሳታል። ለእኔም አንድ ብርቱካን ሰጠኝ። ያን ቀን የበላሁት እሱን ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሲመሽ ራጅ አነሱኝ። የቀኝ ሳንባዬ በውሃ ተከቧል። በዚያው አስተኙኝ፤ አልማዝ ማርታን ወደ ቤቷ ወሰደች።

ከጀርባዬ በመርፌ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ቢጫ ውሃ ቀዱልኝ። የምታክመኝ ዶክተር ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ታስረዳለች። "ቲቢ ይመስለኛል። ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፊም" አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ቤትሽ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?"

"እኔና ልጄ ነን። አንዲት ጎረቤትም አለች። እሷ ደህና ናት።"

"ሌላ ማንም?"

"ማንም።"

ጻፈችው። ስትጽፈው አየሁ። ኡም ሳሚንና ማርታን መረመሩ፤ ሁለቱም በዚያን ጊዜ ንጹሕ ነበሩ። መድኃኒቱን ጀመርኩ። ሽንትሽ ይቀላል ብላ አስቀድማ ስለነገረችኝ ሲቀላ አልደነገጥኩም። በጥቂት ሳምንት ተሻለኝ፤ ወደ ቤት ገባሁ። ሳሉ ከግድግዳው ወዲያ አልቆመም። ኡም ሳሚ አይኔን ሸሸችኝ።

በሁለት ወሩ ትኩሳቱ ተመለሰ። ውሃውም ተመለሰ። እንደገና ተኛሁ። ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ፈራሁ፣ ሐኪም ቆሞ ነው የሚናገረው።

"ሲኞራ፣ ከወሰድነው ውሃ ተሕዋሲውን በላቦራቶሪ ማብቀል አልተቻለም። ስለዚህ የሚገድለውን መድኃኒት በግምት ነው የሰጠሁሽ። ያንቺ ተሕዋሲ ከመድኃኒቶቹ አንዱን የለመደ ይመስለኛል። ከማን እንደያዘሽ ባውቅ፣ የዚያን ሰው አክታ መርምሬ ለእሱም ለአንቺም የሚሆነውን እሰጥ ነበር። አስቢ። እባክሽ አስቢ።"

"አስቤያለሁ። ማንም የለም።"

በዚያው ሳምንት ማርታን ደግመው መረመሯት። ክንዷ ላይ የወጓት ቦታ አብጦ ቀላ። ዶክተሯ "ገብቶባታል፤ ገና አላሳመማትም። እንዳያሳምማት መድኃኒት እንሰጣታለን። ግን የትኛውን?" አለች። "የትኛውን" ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ይናገር ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ያን ጠዋት በልቤ "ልናገር ይሆን?" ብዬ ነበር፤ ከሰዓት የማርታ ክንድ አበጠ። መሐላዬን ላፈርስ በማሰቤ እመቤታችን በልጄ የቀጣችኝ መሰለኝ። እንዲህ ብዬ አፌን ይበልጥ ዘጋሁ። ሦስት ቀን ዘጋሁ። ማርታ በስልክ "ማማ፣ ባስታ፣ በቃ አታልቅሺ፣ ክንዴ እኮ አያመኝም" ትለኛለች።

በአራተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። አልማዝ ነች የጠራቻቸው። መስቀል ተሳለምኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ልጁ አሁንም ያስላል?" አሉ።

"አሁን ደም አለው ትላለች እናቱ።"

"በእመቤታችን ስም የማልሽው ልትሸሽጊው ነው ወይስ ልትቀብሪው?"

"አባቴ፣ ባፈርሰው ልጄን..."

"ልጅሽን ያሳበጣት ሳሉ ነው። የአምላክ እናት በልጅ ክንድ ሒሳብ አታወራርድም። ይህን ከማን ሰማሽው?"

ከእናቴ ነበር የሰማሁት።

"ከመሐላው እኔ ፈትቼሻለሁ። ሐኪሟን በመዋሸትሽ ግን ቀኖና አለብሽ። መስገድ አትችይም። አርባ ቀን የዚያን ልጅ ስም እያነሳሽ ጸልዪለት።"

"አባቴ፣ እሱ እኮ ታጣቂ ነበር። ሰው አሳልፎ የሰጠ ነው።"

"ለዚህ ነው ቀኖና የሆነው" አሉ። ሊወጡ ሲሉ ተመለሱ። "ለሐኪሟ ከመናገርሽ በፊት ለሴትየዋ ንገሪያት። ከጀርባዋ አይሆንም።"

ኡም ሳሚን ደወልኩላት። ነገ ጠዋት ለዶክተሯ እንደምናገር ነገርኳት።

"ምለሽልኛል።"

"ምያለሁ። ማርታ ገብቶባታል፣ ኡም ሳሚ። ሳሚም እየሞተ ነው። አንዴ ሞቷል ብለሻል፤ ሁለተኛ አትበይ።"

የትንፋሿ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ዘጋችው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ይዛው የምትጠፋ መሰለኝ፤ ይዛው ብትጠፋ የማርታም ነገር አብሮ ይጠፋል።

ጠዋት ዶክተሯ ከመምጣቷ በፊት ሳሚ መጣ። ብቻውን። አፉን በእናቱ ሻርፕ ሸፍኗል። ከበሩ አላለፈም።

"እናቴ ታለቅሳለች። ማርታ ካርታ አላሸነፈችኝም፤ ሳታሸንፈኝ አትታመምም" አለኝ።

ነርሷ አይታ ጮኸች፣ ጭምብል አደረገችለት፣ ለብቻው ክፍል አስገባችው። አስተርጓሚ ስላልነበረ ዶክተሯ ለእኔም ጭምብል አድርጋልኝ፣ እንዳስተረጉምላት በተሽከርካሪ ወንበር ወሰደችኝ። ሳሚ ከጃኬቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣ። ሽፋኑ ላይ ጠብመንጃ ተስሏል። የጦሩ ደብተር ናት። የጦሩ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት የጻፈው በእሷ የኋላ ገጾች ላይ ነው፤ ሌላ የሕክምና ወረቀት የለውም። ኡም ሳሚ ይህችን ደብተር ትራስ ውስጥ ሰፍታ ደብቃት ነበር። ሕመሙን ለማሳየት የታጠቀበትን ማሳየት ግድ ነው።

ዶክተሯ የመድኃኒቶቹን ስም አነበበች፤ በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት።

"ሁለት ወር ብቻ ነው የወሰደው? ለምን አቆመ?"

ጠየቅኩት። "ግንባር ላኩን" አለ።

"ግንባር መድኃኒት የለም?"

"ግንባር ሻይም የለም በያት።"

ደብተሩን ገልብጣ ሽፋኑን አየች። "ይህስ ምንድን ነው?" አለችኝ። ለዚህ የሚሆን ቃል በየትኛውም ቋንቋ አልመጣልኝም። ሳሚ ማርታ ባስተማረችው ጣልያንኛ ራሱ መለሰላት።

"ሶልዳቶ። ወታደር ነበርኩ።"

ዶክተሯ "እዚህ የሚያስፈልገኝ ሳንባህ ነው። ሐኪም ለፖሊስ አይናገርም" አለችው። ደብተሩን መለሰችለት። እጇን ታጠበች። ከፊቷ ያሰበችውን ማወቅ አልቻልኩም።

አክታው ተመረመረ። ከዋናዎቹ መድኃኒቶች አንዱን ለምዶታል፤ ልክ እንደጠረጠረችው። ለእኔ ቀየረችልኝ፣ ለማርታም የሚሆነውን ሰጠቻት። ማርታ ሊሰጣት ታስቦ የነበረው ያው የማይሠራው መድኃኒት እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። በሦስት ሳምንት ትኩሳቴ ቆመ። ማርታ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታጎድል አራት ወር ጨረሰች። እኔ ስድስት ወር። ለዚያች ዶክተር፣ ለነርሶቹ፣ ለአልማዝ፣ ብርቱካን ለሰጠኝ ሰውዬም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሳሚ ሆስፒታል ረጅም ጊዜ ተኛ። እዚያ እያለ ለኮሚሲዮኔው ራሱ እንደሚናገር ወሰነ፤ ኬላውንም ጭምር። ኡም ሳሚ "ይህ ሁሉ ካንቺ አፍ ነው የወጣው" አለችኝ። ወረቀቷ እንደገና እንዲመረመር ተወሰነ። ሳሚ ሲወጣ ሁለቱንም ወደ ሌላ ከተማ አዛወሯቸው። ዕቃዋን ስታወጣ የክፍሌ በር ክፍት ነበር፤ አላየችኝም። እናቴና ያች ጎረቤት ትዝ አሉኝ። የትኛዋ እንደሆንኩ አላወቅኩም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላውቅም። ኬላው ላይ የተወሰዱት ሰዎች እናቶችም ልጆቻቸው የት እንደተወሰዱ አያውቁም፤ እነሱንም አስባለሁ።

አርባውን ቀን ጸለይኩ። መጀመሪያ ስሙን ስጠራ አፌ ይከብደኝ ነበር። የሠራውን ቀላል ነው አልልም፤ ለአምላክም እንደዚያ አልነገርኩትም። ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የምለው ይህን ነው። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ጾም አይደለም፣ ድካም አይደለም። ጸበሉን ጠጡ፣ ሐኪሙንም አትዋሹት። የማላችሁት መሐላ ካስጨነቃችሁ ብቻችሁን አትያዙት፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። እኔ ዘግይቼ ሄድኩ።

የመጨረሻዋን ክኒን የዋጥኩ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሳሚ ነበር።

"ኡም ማርታ፣ ስሚ" አለኝና ረጅም ትንፋሽ ወስዶ አስወጣ። ሳል አልነበረውም። "ኮሚሲዮኔው ገና መልስ አልሰጠንም፤ እየጠበቅን ነው። ማርታን ካርታ ታዘጋጅ በያት።"

ከዚያ ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለ። ትንፋሿን ለየሁት።

"ማርታ እንዴት ናት?" አለች ኡም ሳሚ።

"ደህና ናት። መድኃኒቷን ጨርሳለች፤ ምንም የላትም።"

"በመርየም ማይልኝ።"

ከራስጌዬ ወዳለው ሥዕል ዞርኩ። እጄን አስቀመጥኩበት።

"በመርየም" አልኳት።